ለእንጦጦው ደብዳቤ፦ ረቂቁን ተነጋግረን እናርመው

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው በተባባልነው መሠረት እኛ ብስክሌተኞቹ ለእንጦጦ ደን ጠባቂዎች የምንልከውን ደብዳቤ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፣ ሐሳብ የምቀበለው እስከ ዓርብ ማታ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው ፓርክ የተሠሩ መንገዶች ውጭ፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ ለተራራ ብስክሌት 5 አዳዲስ ቀጫጭን መንገዶች ይፈቀዱልን፤ ጥገናውን በጉልበታችን እንሸፍናለን፤ መግቢያዎቹ ላይ ምልክት ይተከል። አጠረ የምትሉ ካላችሁ፣ የሚረዝም ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው።

የሱሉልታው፦
እግዜር ይስጥሽ፣ ደክመሽበታል። እኔ ግን 5 አዲስ የሚለውን አልፈርምም። በእጃችን ያለውን መች ያዝነውና ነው? ከአናቱ ቀጥ ብለን የምንለቀው መንገድ አምና የጎማ ስፋት ብቻ ነበረ። ዘንድሮ ገብቼ ብቆምበት ጉልበቴ ድረስ ዋጠኝ። ደኑን የሚጠብቁት ሰዎች ይህንን አይተው ሌላ 5 ጨምሩ ይሉናል?

መካኒኩ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ያንን የበላው ዝናቡ ነው እንጂ ብስክሌት አይደለም። ቁልቁል ካልሆነ ደግሞ ምኑን የተራራ ብስክሌት ሆነ? ለሜዳውማ ቀለበት መንገዱ አለልን።

ጋሼ፦
ልጆች፣ ብስክሌት የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ዕድሜዬን የፈጀሁት እርከን ሳሠራ ነው። መካኒኩ በግማሽ ልክ ነህ። አፈሩን የሚወስደው ውሃው ነው። ቦዩን የቀደደለት ግን የእኛ ጎማ ነው፤ በተለይ ፍሬን ጨብጣችሁ የኋላውን ጎማ ስትጎትቱት። ነጭ ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እምብዛም አይበቅልም፣ ዝናቡ ባዶ አፈር ላይ ነው የሚያርፈው። እዚያ ላይ ቀጥ ያለ ቦይ ካገኘ ማን ይመልሰዋል?

መለኪያው ከባድ አይደለም። ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ መሐሉ ላይ የግንበኛ ውሃ ልክ። መንገዱ በ10 ሜትር ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ከወረደ በዝቷል። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ከሚያቋርጠው የተራራ ጎን ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ጎኑ በ10 ሜትር 1 ሜትር ተኩል የሚወርድ ቢሆን፣ መንገዱ ከ75 ሳንቲሜትር አይለፍ። ካለፈ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መውረዱን ይተውና መንገዱን ተከትሎ ይሄዳል። ቦረቦር የሚጀምረው እንዲህ ነው። የመንገዱ ገጽም ወደ ታችኛው ጎን ትንሽ ዘመም ይበል፤ 1 ሜትር ስፋት ላለው 5 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ መንገዱ ወርዶ መልሶ ትንሽ ሽቅብ ይበል፣ ውሃው ዝቅታው ላይ ይውጣ። ለብስክሌተኛውም እኮ ይህ ማዕበል ማዕበል የሚለው ነገር ከቀጥታ ቁልቁለት ይልቅ ደስ ይላል፣ መካኒኩ ሞክረውና ትነግረኛለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሸንተረር እኮ የውሃ መክፈያ ነው። በደቡቡ ጎን የወረደው በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ ወደ አዋሽ፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንዱን መንገድ ስናበላሽ የሚደፈርሰው የማን ውሃ እንደሆነ አስቡት።

መካኒኩ፦
እሺ ጋሼ፣ ተረታሁ። ግን ቀጥ ቀጥ ያሉት ሁሉ ይዘጉ ከተባለ የሚተርፈን የለም።

ከሽሮ ሜዳ፦
መዝጋቱ ላይ እኔም የምለው አለኝ። ከእነዚያ ቀጥታ መንገዶች ብዙዎቹ እኛ ያወጣናቸው አይደሉም። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች መንገድ ናቸው፤ እኛ ብስክሌት ሳናውቅ ነበሩ። ጀርባዋ ላይ ከቁመቷ የሚረዝም ሸክም ያለባት ሴት ዞር ዞር የሚል መንገድ ብትሠሩላት እንኳ አትሄድበትም፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ጉልበት ነው። ስለዚህ «ቀጥ ያሉ መንገዶች ይዘጉ» ብለን ጽፈን፣ በእኛ ፊርማ የእነሱ እንጀራ እንዳይዘጋ። የምንዘጋው ራሳችን የከፈትነውን ብቻ ይሁን። በእነሱ መንገድ ላይ ቁልቁል መልቀቅም እንተው። ሸክም የያዘ ሰው ዘወር ብሎ ማየት አይችልም። እኛው ወርደን፣ ብስክሌታችንን ወደ ታችኛው ጎን ይዘን ማሳለፍ አለብን።

የሱሉልታው፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ይህ በጭራሽ አልታየኝም ነበር። ጸበልተኞቹንም አንርሳ። በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም ቀን፣ በባዶ እግሩ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። በእነዚያ ቀናት ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ብስክሌት አይኑር።

ጸሐፊዋ፦
ሁለቱንም መዝግቤያለሁ። የክረምቱስ? ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ሙሉ በሙሉ እንዘጋለን የሚል ሐሳብ በስልክ ደርሶኛል።

መካኒኩ፦
ሦስት ወር ተኩል! ብስክሌቱን ሸጬ በግ ልግዛበት?

ጋሼ፦
በጉም በክረምት ሣር ይፈልጋል፣ አትቸኩል። ሐምሌና ነሐሴ ምንም ክርክር የለውም፣ ዝግ ነው። ቀይ ጭቃ ላይ ያወጣችሁት የጎማ መስመር ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክርና ለቀጣዩ ዝናብ ቦይ ይሆናል። ሰኔና መስከረም ግን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በአፈሩ ይታይ። መግቢያው ላይ ወርዳችሁ እርገጡ። ጫማችሁ ሰምጦ ምልክት ከተወ ወይም ጭቃው ጎማው ላይ ከተጠቀለለ፣ በአስፋልቱ ተመለሱ። በበልግ ዝናብም ያው ነው።

መካኒኩ፦
በዚህ እስማማለሁ። ግን ማን ይቆጣጠራል? ከእኛ ውጭ የሚመጣውስ?

ጸሐፊዋ፦
ከእኛ ውጭ ላለው ቃል መግባት አንችልም፣ በደብዳቤው ላይም አልጽፈውም። ለአባላት ግን እንችላለን፦ በጭቃ የወጣ አባል በቀጣዩ የጥገና ቀን ቁርስ ይዞ ይመጣል። (ይህ ደብዳቤው ውስጥ አይገባም።)

ከሽሮ ሜዳ፦
የሚዘጉትን እንዴት ነው የምንዘጋቸው? ባለፈው አንዱን መግቢያ ላይ ግንድ አጋድመን ነበር፤ በሳምንቱ በጎኑ ሌላ መንገድ ወጣ። አሁን በአንድ ፋንታ ሁለት ሆነዋል።

ጋሼ፦
ግንድ «እዚህ መንገድ ነበረ» ብሎ ይጠቁማል እንጂ አይከለክልም። ከላይም ከታችም ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ መንገዱ መንገድ መምሰል የለበትም። የተጠቀጠቀውን አፈር በዶማ ማላላት፣ ቅርንጫፍና ቅጠል መበተን፣ ቦረቦሩ ውስጥ በየደረጃው የድንጋይ ክትር ማድረግ። ችግኙ ከዚያ በኋላ ነው፦ ጥድ፣ ወይራ፣ ውሃ በሚይዘው በኩል ኮሶ። ክትሩ ሳይሠራ ችግኝ መትከል ለጎርፍ ስንቅ ማቀበል ነው። ድንጋዩንም ሆነ ቅርንጫፉን ያለ ደን ጠባቂዎቹ ፈቃድ አንነካም፤ ይህም ይጻፍ።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ተለውጧል፣ ደግማችሁ አንብቡት፦

«አዲስ መንገድ አንጠይቅም። የምንጠይቀው አሁን የምንነዳባቸውን መንገዶች ከደን ጠባቂዎች ጋር አብረን እንድንለካና በ3 እንድንከፍላቸው ነው፦ እንዳሉ የሚቆዩ፣ ቁልቁለታቸው ተስተካክሎ የሚቆዩ፣ የሚዘጉ። የምንዘጋው እኛ የከፈትነውን ብቻ ሲሆን፣ የእንጨት ተሸካሚዎችንና የጸበልተኞችን መንገድ አንነካም፤ ቅድሚያም የእነሱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አንነዳም፤ በሌላ ጊዜም አፈሩ እርጥብ ከሆነ እንመለሳለን። በወር 1 ቀን በራሳችን መሣሪያ እንጠግናለን። ይህ ለ1 ዓመት ተሞክሮ ጉዳት ካስከተለ ፈቃዱ ይነሣ።»

የሱሉልታው፦
የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከብዳኛለች፣ ግን ትቆይ። ያለ እሷ ማን ያምነናል?

መካኒኩ፦
እፈርማለሁ። እኔ ጋ 2 ዶማና 1 አካፋ አለ፣ የአካፋው እጀታ ግን ተሰብሯል። ውሃ ልክ ያለው ማነው?

ከሽሮ ሜዳ፦
ወንድሜ ግንበኛ ነው፣ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። እስከ እሑድ መመለስ አለበት።