የጂ+1 ቤት የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፦ ከነዕቃው ልዋዋል ወይስ በእጅ ዋጋ?

ጀማሪ ኮንትራክተር

ሰላም ባለሙያዎች። አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ጂ+1 መኖሪያ ቤት ሙሉ የመስመር ዝርጋታ ዋጋ እንዳቀርብ ተጠይቄያለሁ። የብቃት ማረጋገጫውም ንግድ ፈቃዱም የታደሰ ነው፤ በራሴ ስም ውል ስይዝ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ፕላኑ ላይ 28 የመብራትና 40 የሶኬት ፖይንት፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ፣ አንድ ስቶቭ፣ ሁለት ቦይለር አለ። ቆጣሪው ባለ ሦስት ፌዝ ይሆናል። የሶሌታው ብረት እየታሰረ ነው። ባለቤቱ «ከነዕቃው በአንድ ዋጋ ጨርስልኝ» ይላሉ። ልስማማ? ሽቦውን በፖይንት ስንት ሜትር አድርጌ ልያዝ? ክፍያውስ እንዴት ይከፋፈል?

ቱቦና ሳጥን

ከነዕቃው በአንድ ቁርጥ ዋጋ አትግባ። ከሶሌታ እስከ ቀለም ወራት ይሄዳል፣ የመዳብ ሽቦ ዋጋ ደግሞ ዶላርን ተከትሎ ነው የሚወጣው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመርካቶ ነጋዴ ራሱ የሚቀጥለውን ሳምንት ዋጋ ደፍሮ አይነግርህም። ዝርዝሩን አንተ አውጣ፣ ባለቤቱ ለሱቁ ይክፈሉ፣ የእጅ ዋጋህ ለብቻው ይጻፍ። አንድ ነገር ግን ውሉ ውስጥ አስገባ፦ ዕቃውን የመፈተሽና ያልሆነውን የማስመለስ መብት ያንተ ይሁን። በርካሽ የተገዛ ሽቦ ሲነድ የሚጠራው ሱቁ አይደለም።

ባለቤቱ አሻፈረኝ ካሉ ሥራውን ለሁለት ክፈለው። ቱቦና ሳጥን አሁን በቁርጥ ዋጋ፤ ሽቦ፣ ብሬከርና ሶኬት በሚገዙበት ሰሞን በሚሰጥ ዋጋ፣ እሱም ለ7 ቀን ብቻ የሚጸና።

ሜትሩን ከፕላኑ ላይ ለካ እንጂ በግምት አትሂድ። ለመነሻ ያህል፣ ከሶኬት ሶኬት በአማካይ 6 ሜትር መንገድ ብትይዝ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ 18 ሜትር ነው። 40 ሶኬት 720 ሜትር፣ 10 በመቶ ብክነት ሲጨመር 792፤ ማለትም ባለ 100 ሜትር ስምንት ጥቅል ባለ 2.5 (ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊሜትር ነው)። ለመብራት ወደ ማብሪያው የሚወርደውን ቆጥረህ 7 ሜትር መንገድ ያዝ፤ በሦስት ሽቦ 21 ሜትር፣ ለ28 ፖይንት 588፣ ከብክነቱ ጋር 647። ሰባት ጥቅል ባለ 1.5 ይበቃል። ፎቁ ላይ ሁለተኛ ማከፋፈያ ሳጥን ካለ ሜትሩ ይቀንሳል፤ ሁሉም ከምድር ቤት የሚነሣ ከሆነ ይጨምራል።

ጠብ የሚነሣው ግን «ፖይንት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ደረጃ ላይ በሁለት ማብሪያ የሚሠራ መብራት አንድ ነው ሁለት? ጥንድ ሶኬትስ? ቦይለር ከነማብሪያው? ውሉ ላይ በቃል አስፍረው። ከልስን በኋላ የሚጨመር ፖይንት ዋጋው የተለየ መሆኑም ይጻፍ፤ ሰው ሶፋውን የት እንደሚያደርግ የሚያውቀው ልስኑ ካለቀ በኋላ ነው።

ክፍያው ቱቦና ሳጥን ሲያልቅ 35 በመቶ፣ ሽቦ ተስቦ ሲፈተሽ 35፣ ሶኬትና ማብሪያ ሲገጠም 25፣ ቀሪው 5 ርክክብ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። የመጨረሻውን «ቆጣሪ ሲገባ» ብለህ አትፈርም። ቆጣሪው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው፣ ቀኑ በእጅህ የለም። ርክክቡ ከራስህ የፍተሻ ወረቀት ጋር ይታሰር።

ካሊፐር

ስለ ሽቦ ልጨምር። የገመዱ ሽፋን ላይ 2.5 ተጽፎ ውስጡ 2 እንኳ የማይሞላ አለ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም አለ። ጫፉን በቢላዋ ፋቅ አድርገው፤ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ነጠላ ጅማት ያለውን በካሊፐር ለካ፦ ባለ 1.5 ወደ 1.38 ሚሊሜትር፣ ባለ 2.5 ወደ 1.78፣ ባለ 4 ወደ 2.25 ውፍረት አለው። ሚዛንም አይዋሽም። የ100 ሜትር ባለ 2.5 መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከነፕላስቲኩ ከዚያ በታች የሚመዝን ጥቅል አትግዛ።

ሱቅ ውስጥ ሁለቱን ጫፍ በመልቲሜትር ብትለካ ሙሉ ጥቅል ባለ 2.5 መዳብ 0.74 ኦም አካባቢ ነው። መጀመሪያ የሜትሩን ሁለት መንኪያዎች አገናኝተህ የሚያሳየውን ቀንስ፤ ርካሽ ሜትር ብቻውን 0.2 እና 0.3 ይሰጣል። መዳብ የተቀባው አሉሚኒየም 1.1 አካባቢ ነው የሚያነበው። ሞቆ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ብሎኑ ሥር ይላላል፣ ሶኬቱ የሚጠቁረው ከዚያ ነው።

ጀማሪ ኮንትራክተር

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ያላማረኝ ነገር አለ፦ ፕላኑ ምጣዱን ከኩሽና ሶኬቶች ጋር በአንድ ባለ 2.5 መስመር፣ በ32 አምፔር ብሬከር አድርጎታል።

ኒውትራል

በዚያ አትሥራ፤ ለነዳፊው በጽሑፍ አሳውቅ። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ግድግዳ ውስጥ በቱቦ ያለፈ ባለ 2.5 ሽቦ 32 አምፔር አይችልም፤ ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል። ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ነው፤ 3.75ን ለ220 ቮልት ብታካፍል 17 አምፔር ይመጣል። ያውም እንደ ካውያ ደቂቃ ሠርቶ የሚያርፍ አይደለም፣ በጋገራ ቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቆያል። ለብቻው ባለ 4 ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር፣ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቆርጥ ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ስጠው። ተራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ላይ የተሰካ ምጣድ መጨረሻው የቀለጠ ሶኬት ነው።

ሦስቱን ፌዝ አመጣጥን፦ ምጣዱ በአንዱ፣ ስቶቩ በሁለተኛው፣ ሁለቱ ቦይለሮች በሦስተኛው፤ መብራትና ሶኬቱን በቀሪው ቦታ በትን። የዋናው ኒውትራል ውፍረት ከፌዙ አይነስ፣ ብሎኑንም ደግመህ አጥብቅ። ኒውትራል ከላላ ሸክም የቀለለበት ፌዝ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 380 ይወጣል፤ የሰው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚቃጠለው በዚያ ነው።

ኧርዝ ላይ ብዙ ባለሙያ ይዘናጋል። መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ 10 ኦም ቢወጣልህ እንኳ፣ ፌዝ የቦይለሩን አካል ቢነካ በዘንጉ የሚሄደው 22 አምፔር ነው፤ 20 አምፔር ብሬከር በዚህ ቶሎ አይወድቅም። ስለዚህ ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኩረንት ሲያይ የሚቆርጥ መሣሪያ) ግዴታ ነው በል፣ በተለይ ለቦይለርና ለኩሽና። በአርሲዲ ሥር ያለውን ኒውትራል ከሌላው ኒውትራል ጋር አንድ ባር ላይ አታስረው፤ ያለ ምክንያት እየወደቀ ያሰለችሃል። ቦታው ኮትቻ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ከሆነ ደግሞ በክረምት የለካኸውን አትመን፤ በበጋ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይለያል።

ቱቦና ሳጥን

@ኒውትራል ልክ ነህ። ፍተሻውን በተመለከተ፣ መብራትና ቦይለሩ ከመገናኘታቸው በፊት በ500 ቮልት መገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ) ለካ፤ እያንዳንዱ መስመር ከ1 ሜጋኦም በታች ካነበበ አትቀበለው። አምፖልና አርሲዲ ከተገጠመ በኋላ መገር ብትጭን ወይ ታበላሸዋለህ ወይ የተሳሳተ ንባብ ታገኛለህ።

ጀማሪ ኮንትራክተር

ሶሌታው ሐሙስ ይሞላል። እስከዚያ የግድ ማለቅ ያለበት ምንድን ነው?

ቱቦና ሳጥን

ቱቦው በታችኛውና በላይኛው ብረት መካከል ይለፍ፣ በየሜትሩ በማሰሪያ ሽቦ ይታሰር። የተጠማዘዘው ፕላስቲክ ፍሌክሲብል በቫይብሬተር ይደፈጠጣል፤ ጠንካራውን ተጠቀም። ከሳጥን ሳጥን ከሁለት እጥፋት በላይ አታድርግ፣ ሽቦ አይሳብም። ሳጥኖቹን በረጠበ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅጥቅ፣ የቱቦውን ጫፍ በፕላስተር ዝጋ፣ መሳቢያ ሽቦ ውስጡ ተው። ሜትር ዘርግተህ ፎቶ አንሣ፤ ኋላ ግድግዳ ሲበሳ የቱቦውን ቦታ የምታውቀው በእሱ ነው። ሲሞላ ደግሞ አንድ ረዳት ትርፍ ቱቦና መጋጠሚያ ይዞ እዚያው ይቁም፤ አካፋ የነቀለውን መጋጠሚያ ኮንክሪቱ ሳይሸፍነው መመለስ የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው።