ስፓርክና ኢንቴል ሰርቨር አንድ ሴሽን ሲጋሩ ተጠቃሚው እየወጣብኝ ተቸገርኩ

የማታ ኮደር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ታግዬ ያቃተኝ ነገር ስላለ እባካችሁ እርዱኝ። ፐርል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ዌብሳይት አለን። እስካሁን ስፓርክ በሚባል የፕሮሰሰር ዓይነት የሚሠራ አንድ አሮጌ ማሽን ላይ ነበር ያለው። ሰሞኑን ጭነቱ ስለበዛበት ሁለተኛ ሰርቨር ጨመርን፣ ይኼኛው 64 ቢት ኢንቴል ነው። ከፊታቸው የሚመጣውን ጥያቄ ለሁለቱ የሚያካፍል ሎድ ባላንሰር አለ። ሴሽኑ (የተጠቃሚው ሎግኢንና የግዢ ቅርጫት መረጃ) ሁለቱም በሚያዩት አንድ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳስቀምጥ ስቶረብል በሚባለው የፐርል ሞጁል ፍሪዝ አድርጌ (ወደ ባይት አሽጌ) ነው፣ ሳነብ ደግሞ ታው በሚለው ፈንክሽን እፈታዋለሁ።

ሰው ሎግኢን ያደርጋል፣ አንድ ሁለት ገጽ በሰላም ይሄድለታል፣ ከዚያ ድንገት ፓስወርድ ይጠየቃል። ይባስ ብሎ ወደ መጀመሪያው ማሽን ሲመለስም ቅርጫቱ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሎግ ላይ አንዲት ስህተት የለም። ሁለቱም ማሽኖች ለየብቻ ሲሞከሩ ደህና ናቸው። ኩኪው ያው ነው፣ የሴሽን ቁጥሩም ዳታቤዙ ውስጥ አለ። ከየት ልጀምር?

ሰርቨር ጠባቂ

ሁለቱም ማሽን ላይ ፐርልን በትልቁ ቪ አስነሳና ባይትኦርደር ስንት እንደሆነ ጠይቀው። ከዚያ አይቪሳይዝ የሚለውንም እይ። የሚወጣውን ቁጥር እዚህ ጻፍልን።

ቀላል ኮድ

ዳታቤዙን ተወውና ሴሽኑን ሬዲስ (ዳታን ሜሞሪ ላይ የሚይዝ ማከማቻ) ላይ አድርገው። እኛ እንደዚያ አድርገን ተገላግለናል፣ ፍጥነቱም ሌላ ነው።

ሰርቨር ጠባቂ

@ቀላል ኮድ ሬዲስ ጥሩ ነው፣ ግን ይኼን ችግር አይፈታም። ሬዲስ የሰጠኸውን ባይት እንዳለ ይይዛል፣ እንዳለ ይመልሳል። የታሸገው ነገር ለሌላው ማሽን የማይነበብ ከሆነ የትም ቢቀመጥ ያው ነው። እናንተ ዘንድ የሠራው ሰርቨሮቻችሁ በሙሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ይመስለኛል።

የማታ ኮደር (ጠያቂ)

ስፓርኩ 4321 አለ፣ አይቪሳይዝ 4። ኢንቴሉ 12345678፣ አይቪሳይዝ 8። ምን ማለት ነው?

ሰርቨር ጠባቂ

በቃ ተገኘ። ስፓርኩ ላይ ያለው ፐርል ሙሉ ቁጥር የሚይዘው በ4 ባይት ነው፣ ሲጽፍም ከትልቁ ባይት ይጀምራል። ኢንቴሉ በ8 ባይት ይይዛል፣ የሚጀምረውም ከትንሹ ነው። ሁለቱ የተጣሉት በመጠንም በአቀማመጥም ነው። ለምሳሌ ስፓርኩ 1 ቁጥርን በ4 ባይት ሲጽፍ ሦስት ባዶ ባይት አስቀድሞ መጨረሻ ላይ 1 ያደርጋል፤ ያንን ኢንቴሉ በራሱ ልማድ ቢያነበው 16777216 ሆኖ ይታየዋል። ደግነቱ ስቶረብል ይኼን ያውቃል። ፍሪዝ ስታደርግ ከዳታው በፊት የማሽኑን የባይት ቅደም ተከተልና መጠኖቹን ይጽፋል። ታው መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ካልገጠመው የባይት ቅደም ተከተሉ አይስማማም ብሎ ፕሮግራሙን ያስቆማል። የተሳሳተ ቁጥር በዝምታ አይሰጥህም። ስለዚህ ሎግህ ላይ ያ መልእክት መታየት ነበረበት። ለምን እንዳልታየ ነው ያልገባኝ።

ቢትና ባይት

እኔ እገምታለሁ። ወንድሜ፣ ታው የምትጠራበትን መስመር ኢቫል (ስህተት ቢፈጠር ፕሮግራሙ እንዳይቆም የሚይዝ) ውስጥ አስገብተኸዋል? ካልተሳካ ደግሞ ባዶ ሴሽን ይፈጥራል?

የማታ ኮደር (ጠያቂ)

አዎ! ልክ እንደዚያ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የጻፈው ነው፣ ገጹ እንዳይሞት ብሎ መሰለኝ።

ቢትና ባይት

ቅርጫቱን ባዶ የሚያደርገው እሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ሰውየው ስፓርኩ ላይ ሎግኢን ያደርጋል፣ ሴሽኑ በስፓርክ አቀማመጥ ይጻፋል። ቀጣዩ ጥያቄ ኢንቴሉ ላይ ይወድቃል። ታው ይከሽፋል፣ ኢቫሉ ስህተቱን ይውጠዋል፣ ኮዱ ባዶ ሴሽን ይፈጥርና ገጹ ሲያልቅ በዚያው ቁጥር ዳታቤዙ ላይ ይጽፍበታል። ደህናው ዳታ እዚያ ላይ ጠፋ። ስፓርኩ ሲመለስ የሚያገኘው የኢንቴል ባዶ ሴሽን ነው፣ እሱንም ማንበብ አይችልም። እንዲህ እየተፈራረቁ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። እኔ ከአቀማመጡ ልዩነት ይልቅ ይኼ ነው የሚያስፈራኝ፣ ምክንያቱም ነገ በሌላ ምክንያት ታው ቢከሽፍም ያው የሰው ዳታ ያለ ምንም ምልክት ይጠፋል።

ስለዚህ ኢቫሉን አታውጣው፣ ግን የያዘውን ስህተት ከሴሽን ቁጥሩ ጋር ሎግ ላይ ጻፍ። ደግሞም ያልተነበበ ሴሽን ላይ በፍጹም አትጻፍበት። ለተጠቃሚው አዲስ የሴሽን ቁጥር ስጠው፣ አሮጌው ባለበት ይቆይ።

ሰርቨር ጠባቂ

ትክክል ነው፣ ኢቫሉ አልታየኝም ነበር። የአቀማመጡ መፍትሔ ደግሞ ቀላል ነው። ፍሪዝ ያልከውን ሁሉ ኤንፍሪዝ አድርገው። ኤኗ ኔትወርክ ማለት ናት። ሙሉ ቁጥሩን ማሽኑ ምንም ይሁን ምን በአንድ የጋራ ቅደም ተከተል ይጽፈዋል፣ በ32 ቢት የማይያዘውን ቁጥር ደግሞ እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ታው ላይ የምትነካው ነገር የለም፣ የትኛው እንደሆነ ራሱ ይለያል። ሁለቱንም ሰርቨር በአንድ ጊዜ ቀይር፣ አንዱን ብቻ ቀይረህ ካደርክ ችግሩ ግማሹ ይቀራል።

እግረ መንገድህን የዳታቤዙን ኮለም እይ። ብሎብ (ባይቱን እንዳለ የሚይዝ ዓይነት) መሆን አለበት። ቴክስት ከሆነ የፊደል ኢንኮዲንጉ ባይቱን ሊያበላሸው ይችላል፣ ያኔ ኤንፍሪዝም አያድንህም።

ቀላል ኮድ

ለምን በጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ የሚያስቀምጥ ፎርማት) አያደርገውም? ጽሑፍ ስለሆነ የማሽን ነገር አያሳስብም፣ ከሌላ ቋንቋም ይነበባል።

ቢትና ባይት

@ቀላል ኮድ ሴሽኑ ውስጥ ተራ ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ ካለ እኔም ጄሰንን እመርጣለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ታው ከማይታመን ቦታ በመጣ ዳታ ላይ ከተጠራ አደገኛ ነው፣ ስለዚህ በስቶረብል የታሸገ ሴሽን በምንም መንገድ ኩኪ ውስጥ ገብቶ ተጠቃሚው እጅ መድረስ የለበትም። ነገር ግን ጄሰን ኦብጀክት አይወድም። ሴሽኑ ውስጥ የቀን ኦብጀክት ካለ መጀመሪያ ወደ ሴኮንድ ቁጥር ተለውጦ ነው መግባት ያለበት። አሁን ሰዎች እየተጉላሉ ስለሆነ ዛሬ ኤንፍሪዝ ይደረግ፣ ጄሰኑ ተረጋግቶ ይሠራል።

ጊዜ ከፈለግክ ደግሞ ሎድ ባላንሰሩ አንድን ተጠቃሚ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር እንዲልክ አድርገው። ለሁለት ቀን ያስተነፍስሃል። ያ ሰርቨር ከወደቀ ግን ተጠቃሚዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ እና እዚያ ላይ አትቁም።

የማታ ኮደር (ጠያቂ)

ተሠራ! ትናንት ማታ ሁለቱንም ኤንፍሪዝ አደረግኳቸው፣ ኮለሙም ብሎብ ነበር። ስህተቱን ሎግ ላይ ማስጻፍ እንደጀመርኩ ያ የባይት ቅደም ተከተል መልእክት ከአሮጌዎቹ ሴሽኖች ተግተልትሎ መጣ፣ እነሱ ጊዜያቸው እያለቀ ሲሄዱ እየቀነሰ መጥቶ ዛሬ ጠዋት ቆሟል። አንድ ሰው ሃያ ጊዜ ያህል በሁለቱ ሰርቨር እያመላለስኩ ሞከርኩት፣ ቅርጫቱ አልተነካም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ጥቂት ሰዎች ኢንቴሉ ላይ ሲደርሱ ሴሽኑ ጊዜው አልፏል ይላቸዋል። ሎግ ላይ ግን ስህተት የለም።

ሰርቨር ጠባቂ

የሁለቱን ሰዓት አስተያይ። የሴሽኑን ማብቂያ አንዱ ጽፎ ሌላው የሚያየው ከሆነ የሰዓቱ ልዩነት እንደዚህ ያደርጋል።

የማታ ኮደር (ጠያቂ)

ኢንቴሉ በ11 ደቂቃ ይቀድማል! ሰዓት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ አልተነሳበትም ኖሯል። አስነሳሁት፣ አሁን ሁሉም ሰላም ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጄሰኑን ቅዳሜ እጀምራለሁ፣ የቀን ኦብጀክቱን ከሴሽኑ ካወጣሁ በኋላ።