ትልቅ ተጫዋች ስለነበረ ብቻ ትልቅ ቡድን ይሰጠው?

ሰማያዊ፦
የቼልሲ ደጋፊ ነኝ። ላምፓርድ 211 ጎል ያገባልን ሰው ነው፤ ስለ እሱ ክፉ መናገር ይከብደኛል። ግን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በ2019 ቡድኑን ስንሰጠው አሰልጣኝ ከሆነ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ያውም በሁለተኛው ዲቪዚዮን፣ ደርቢ የሚባል ክለብ። በጃንዋሪ 2021 ተሰናበተ። ቱኸል መጣና ያንኑ ቡድን ይዞ በአራት ወር ሻምፒዮንስ ሊግ አነሳ። ቱኸል በጉልበት ጉዳት ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ጫማውን የሰቀለ ሰው ነው። ሲጫወት የሚያስታውሰው ስንት ሰው አለ? እና ጥያቄዬ፦ ስመ ጥር ተጫዋች የነበረ ሰው ታች በደንብ ሳይሰራ ትልቅ ክለብ ይሰጠው? እኔ አይሰጠው ባይ ነኝ።

ቀይዋ፦
እኔ የሊቨርፑል ነኝ፤ ለቼልሲ የምከራከርበት ምክንያት የለኝም። ግን ፈርደህበታል ወንድሜ። ላምፓርድ ሲመጣ ክለቡ ተጫዋች እንዳያስፈርም ታግዶ ነበር። ሀዛርም ሄዷል። ልጁ ምን አደረገ? ማውንትን፣ አብርሃምን፣ ሪስ ጄምስን አሰለፈ። 4ኛ ወጣ። ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። ፖርቶ ላይ፣ በሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ፣ ለሀቨርትዝ ያንን የጎል ኳስ ማን ነው ያቀበለው? ማውንት አይደል? ቱኸል ጎበዝ ነው፤ ግን ቤቱን ባዶ አላገኘውም።

ደግሞ ታች መስራት ዋስትና አይደለም። የኛን ጄራርድ እይ። ከ18 ዓመት በታች ቡድን ጀመረ። ስኮትላንድ ሬንጀርስ ሄደ፤ በ2020/21 ሊጉን ሳይሸነፍ በ102 ነጥብ አነሳ። ከዚያ አስቶን ቪላ ላይ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። በሕጉ ሄደ፤ ግን አልሆነም።

ቢያንኮኔሪ፦
እህቴ፣ ጄራርድ ቢያንስ ሲሳሳት የሚሳሳትበት ቦታ ነበረው። የኛን ፒርሎ ልንገራችሁ። ጁላይ 30 ቀን 2020 የዩቬንቱስ ከ23 ዓመት በታች ቡድን አሰልጣኝ ተብሎ ተዋወቀ። ኦገስት 8 የዋናው ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። ዘጠኝ ቀን! በመሃሉ አንድ ጨዋታ እንኳ አልመራም። ከእሱ በፊት የነበረው አሰልጣኝ ሳሪ በሊዮን ከሻምፒዮንስ ሊግ በወጣ ማግስት ነው የሆነው፤ ክለቡ ተደናግጦ ነበር።

በተከታታይ ዘጠኝ ጊዜ ያነሳነው ስኩዴቶ (የጣሊያን ሊግ ዋንጫ) በእሱ ዓመት ወደ ኢንተር ሄደ። 4ኛ የወጣነውም በመጨረሻው ቀን ናፖሊ ከቬሮና ጋር አቻ ስለወጣ ነው። ሁለት ዋንጫ አንስቷል፣ አልክድም። ግን እኔ የማስታውሰው ፊቱን ነው። ሜዳ ውስጥ ኳስ ሲይዝ ጊዜ የሚቆምለት ሰው፣ መስመሩ ላይ ቆሞ ምን እንደሚቀይር ግራ ሲገባው ማየት ያማል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የተበደለው ክለቡ ብቻ አይደለም፤ ፒርሎም ተበድሏል።

ጋሽ ሬዲዮ፦
ልጆቼ፣ እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1984 ምዕራብ ጀርመን ብሔራዊ ቡድኗን ለቤከንባወር ሰጠች። የአሰልጣኝነት ፈቃድ እንኳ አልነበረውም፤ ለዚህም ነው «ቲምቼፍ» (የቡድን አለቃ) የሚል ሌላ ስም የተሰጠው። ከታች አልጀመረም፣ ማንንም አሰልጥኖ አያውቅም። በ1986 ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፣ በ1990 አነሳ። በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም የዓለም ዋንጫ ያነሱት ሦስት ናቸው፦ ዛጋሎ፣ እሱ፣ ዴሻምፕ። ሰውዬው ሲገባ መልበሻ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ያንን ጸጥታ ከየትኛው ኮርስ ታመጡታላችሁ?

ቢያንኮኔሪ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። ብሔራዊ ቡድንና ክለብ ለየቅል ናቸው። እዚያ ተጫዋቹን የሚያገኙት በዓመት ለጥቂት ሳምንት ነው። ክለብ ግን በየቀኑ ልምምድ ነው፣ በየሦስት ቀኑ ጨዋታ ነው። ቤከንባወርም ቢሆን ፈቃድ ያላቸው ረዳቶች ከጎኑ ነበሩ። ስም ብቻውን ቢበቃ ማራዶና በ2010 በጀርመን 4 ለ 0 አይሸነፍም ነበር።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ያየሁትን ልናገር። የ13 ዓመት ልጆች አሰለጥናለሁ። አንዴ በጣም ጥሩ የነበረ ተጫዋች ሊያግዘን መጣ። ጀርባን ለጎል ሰጥቶ ኳስ ተቀብሎ መዞርን ሊያሳያቸው ፈለገ። አንዴ ዞረ። የሚያምር ነገር ነው፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። «በሉ እናንተ» አለ። አንዱ ልጅ ሞከረ፣ ኳሷ ከእግሩ አመለጠች። ሰውዬው ደግሞ አሳየው። «እንደዚህ ነው በቃ።» ልጁ ደግሞ አመለጠችው። «እንደዚህ እኮ ነው!» ሦስተኛው ላይ ልጁ እንባ ተናነቀው።

ተጠግቼ «ኳሷ ሳትደርስ ትከሻህ ላይ ዞር ብለህ እይ፤ ከዚያ የኋላ እግርህን ክፈት» አልኩት። በአራተኛው ዞረ። እኔ በዘመኔ ተቀያሪ ነበርኩ፤ ያ ሰው የሚሰራውን ግማሹን አልሰራም። ግን እሱ የሚያውቀው በእግሩ ነው። ሳያስብ የሚሰራውን ነገር ለሌላ ሰው በአፍ ማስረዳት ሌላ ሙያ ነው። እሱም ይለመዳል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።

ሄንሪን አስታውሱ። ሞናኮን በኦክቶበር 2018 ያዘ፣ 20 ጨዋታ ላይ አበቃ። ከጋዜጠኞች ጋር ሲነጋገሩ ባዲያሺል የሚባለው ልጅ ወንበሩን ሳይመልስ ሲነሳ እንዴት እንዳፈጠጠበት ሁላችሁም አይታችኋል። ልጁ ተመልሶ ወንበሩን አስገባ። ያ ልጅ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ያው ሄንሪ ግን በ2024 የፈረንሳይን ወጣቶች ይዞ የኦሎምፒክ ብር አመጣ። ሰው ይማራል። ታዲያ መማሪያው ለምን መጀመሪያ አይሆንም?

ጋርዲዮላ ከዋናው በፊት የክለቡን ሁለተኛ ቡድን ባርሴሎና ቢን በአራተኛው ዲቪዚዮን ነው ያሰለጠነው። ዚዳን አንቼሎቲን ረድቷል፣ ከዚያ ወደ ሪያል ማድሪድ ሁለተኛ ቡድን ካስቲያ ወርዷል። ሦስቱ ተከታታይ ሻምፒዮንስ ሊግ ከዚያ በኋላ ነው። ዣቢ አሎንሶ ደግሞ በሪያል ማድሪድ ከ14 ዓመት በታች ልጆች ጀመረ። ሪያል ሶሲዳድ ቢን በ2021 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን አሳደገ፤ በዓመቱ ይዞት ወረደ። መውረድንም ቀምሷል። ሌቨርኩሰንን ሲረከብ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበር። በ2023/24 ቡንደስሊጋውን 28 አሸንፎ፣ 6 አቻ ወጥቶ፣ አንዴም ሳይሸነፍ ጨረሰ።

ቀይዋ፦
የልጁ ታሪክ ልቤን ነካው። ግን የተጫዋችነቱን ዋጋ አታቅልለው። አሊዩ ሲሴን እዩ። በ2002 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የሴኔጋል አምበል ነበር። ከካሜሩን ጋር በፍጹም ቅጣት ምት የመጨረሻዋን የሳተው እሱ ነው። አሰልጣኝ ሆኖ በ2019 ደግሞ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈ። በ2022 ያውም ካሜሩን ምድር ላይ ከግብፅ ጋር ተገናኘ። ማኔ ገና በ7ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ዋንጫዋን ያመጣችውን የመጨረሻዋን ምት ግን ማኔ እንዲመታ ተደረገ፣ አገባትም። የሳተ ሰው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ አሰልጣኝ መስመሩ ላይ ቆሞ ነበር። ይሄንን ከመጽሐፍ አታገኘውም።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ፦
እስማማለሁ። ግን ሲሴ ዋናውን ቡድን በ2015 ከመያዙ በፊት ከ23 ዓመት በታቹን መርቷል። ቁስሉም ነበረው፣ ትምህርቱም ነበረው።

ሰማያዊ፦
አንድ ሰው እዚህ ክርክር ውስጥ ተረስቷል፦ ጆን ዩስታስ። በኦክቶበር 2023 በርሚንግሃምን ከሻምፒዮንሺፑ (ከእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን) 6ኛ ላይ አስቀምጦት ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች አሰናበቱትና ሩኒን አመጡ። ሩኒ በ15 ጨዋታ ያሸነፈው ሁለት ብቻ ነው። ክለቡ በዓመቱ መጨረሻ ወረደ። ሁላችንም ስለ ሩኒ ውድቀት እናወራለን። ዩስታስ ግን ሥራውን በላቡ ነበር ያገኘው፤ ጥፋቱ ስሙ ትልቅ አለመሆኑ ብቻ ነው። ለአንድ ኮከብ በር ሲከፈት በሌላ ሰው ላይ ይዘጋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ከዋንጫውም በላይ።

ጋሽ ሬዲዮ፦
ይሄኛው እውነት ነው። የዩስታስን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ስለ ቤከንባወር ያልኩትን ግን አልመልስም።

ቀይዋ፦
እኔም ይሄን አልክድም። ላምፓርድስ? በ2023 በጊዜያዊነት መልሳችሁ አመጣችሁት፤ በ11 ጨዋታ አንድ አሸነፈ። በቃ፣ አለቀለት ተባለ። ከዚያ በኖቬምበር 2024 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደና ኮቨንትሪን 17ኛ ላይ ተረከበ። 5ኛ አድርጎ ጨረሰ።

ሰማያዊ፦
አየሁት እንጂ! ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት። መጀመሪያውኑ እንደዚህ ዓይነት ቦታ ሦስት አራት ዓመት ቢቆይ ኖሮ እያልኩ።

ቀይዋ፦
ደርቢም እኮ ያው ዲቪዚዮን ነበር። ታዲያ ስንት ዓመት ነው የሚበቃው? ቁጥሩን ንገረኝ።

ሰማያዊ፦
ቁጥር የለኝም። ቢያንስ አንድ ክፉ ዓመት ይይ፤ ሳይባረር የሚያልፈው። አሎንሶ ሶሲዳድ ቢ ሲወርድ እንዳየው። ደርቢ ላይ ላምፓርድ አንድ ዓመት ሰርቶ ለማደግ ፍጻሜ ደረሰ፣ በቪላ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ያንን ሽንፈት ተሸክሞ እዚያው ሁለተኛ ዓመት ሊጀምር ሲገባው እኛ ጠራነው። ጥፋቱ የኛ ነው።