የፋብሪካ ፍሳሽ ጥናት፦ ውጤቱ ለሕዝብ ይውጣ ወይስ በውል ይታሰር?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ከፋብሪካዎቹ ጋር አንድ ከተማ፣ ኮምቦልቻ ነው። ተመራማሪ የፋብሪካ ፍሳሽ ሊመረምር ሄዶ «ሳታስፈቅድ ውጤቱን አታወጣም» የሚል ውል ቢቀርብለት ይፈርም ወይስ ጥናቱን ይተው? የፋብሪካ ስም መጥራት አይቻልም።

ጦሳ፦ አይፈርም! ደመወዙም መሣሪያውም የሕዝብ ነው። ቦርከና ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ሜዳ ነው የሚወርደው። ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ያ ገበሬ ነው። በውል የታሰረ ጥናት አማካሪነት እንጂ ምርምር አይባልም።

ላብ፦ ንግግርህስ ደስ ይላል፤ ግን አጥር ውጭ ቆመህ ምን ታገኛለህ? ቆዳ ፋብሪካ ውሃ የሚለቀው በዙር ነው፤ አሁን ፀጉር ማርገፊያውን የኖራ ውሃ፣ ከሰዓታት በኋላ ቆዳ ማልፊያውን የክሮም ውሃ። ጠዋት 3 ሰዓት አንድ ጠርሙስ ቀድተህ ከሄድክ ሌሊት 8 ሰዓት የተለቀቀው አመለጠህ። በየሰዓቱ ለ24 ሰዓት ተቀድቶ፣ እንደ ፍሰቱ መጠን ተመጥኖ ነው የሚቀላቀለው። ፍሰቱን ካልለካህ ደግሞ ጭነቱን፣ ማለትም በቀን ስንት ግራም እንደሚወጣ፣ አታውቅም። በሊትር 2 ሚሊግራም ክሮም ያለው ፍሳሽ በቀን 400 ሜትር ኩብ ከወጣ 800 ግራም ነው፣ 40 ከሆነ 80 ግራም። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ጨፋ፦ ልጆች፣ ጠርሙሱ ራሱም ያታልላል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮም በአብዛኛው «ክሮም 3» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ወንዝ ውሃ ውስጥ ብዙም አይሟሟም፣ ከጭቃው ጋር ይቀመጣል። ጥርት ያለ ውሃ ቀድቶ «የለም» ማለት ቀላል ነው፤ ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ግን ጭቃው ተነሥቶ ማሳ ላይ ይወጣል። ደለሉም ይወሰድ። ናሙናው ላይም እንደተቀዳ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ተደርጎበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ካልወረደ፣ ክሮሙ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይጣበቅና መሣሪያው ያነሰ ቁጥር ይሰጣል።

ላብ፦ ጋሽ ጨፋ፣ ልክ ብለዋል፤ ደለሉን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጦሳ፦ እሺ፣ በሩ ተከፈተ እንበል። ማኅተም ተደርጎበት መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ ወረቀት ሌላ ምን ይገኛል?

ላብ፦ ክሮሙ ይገኛል! በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚወስደው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው፤ ቀሪው ቆዳው ከሚለፋበት ድራም ውሃ ጋር ይደፋል። ያን ውሃ ከሌላው ሳይቀላቀል ለብቻው ማጠራቀም፣ ብጥስጣሹንና ስቡን በወንፊት ማስቀረት፣ ማግኒዥየም ኦክሳይድ እየጨመሩ ማማሰል፣ ፒኤቹ 8 እስከ 8.5 ሲደርስ ማቆም። ካደረ በኋላ ከላይ ያለውን ውሃ ቀድቶ፣ ከሥር የቀረውን አረንጓዴ ዝቃጭ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ከአዲስ ክሮም ጋር እየቀላቀሉ ወደ ድራሙ መመለስ ነው። በካስቲክ ሶዳ የሚሞክርም አለ፤ ፈጣን ነው፣ ግን ዝቃጩ እንደ ባዘቶ ተንሳፎ አልወርድ ይላል፤ ካበዙበትም ክሮሙ ተመልሶ ይሟሟል። ማግኒዥየሙ በበኩሉ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ «ፒኤቹ አልጨመረም» ብሎ የሚደርብበት ሰው ዱቄቱን ያባክናል። በ1 ሊትር ብርጭቆ አስቀድሞ ሞክሮ መጠኑን መወሰን ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የክሮሙን አሲዳም ውሃ ከፀጉር ማርገፊያው ውሃ ጋር በአንድ ቦይ መልቀቅ ነው። እዚያ ሰልፋይድ አለ፤ አሲድ ሲያገኘው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይሆናል። ጉድጓድ ሊጠርግ የወረደ ሠራተኛ በዚያው ሊቀር ይችላል። የትኛው ቦይ ከየትኛው እንደሚገናኝ የሚታየው ደግሞ ግቢ ተገብቶ ነው።

ጦሳ፦ ታዲያ ለፋብሪካው ለራሱ ትርፍ ከሆነ ምን ያስደብቀዋል?

አንቀጽ፦ ሁለት ነገር እየተምታታ ነው። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 መሠረት የአካባቢ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ሳያሳውቅ ግቢ መግባት ይችላል። ተመራማሪ ያ ሥልጣን የለውም፤ የሚገባው በፈቃድ ነው። ተመራማሪውን ተቆጣጣሪ ካደረግነው በሩ ይዘጋል፤ ተቆጣጣሪውን በተመራማሪ ከተካነው ደግሞ ሕጉ ሥራ ፈት ይሆናል። የእኔ ሐሳብ፦ ድራም ውስጥ የሚገባው ቀመር በውል ይታሰር፣ ከቱቦ የወጣው አይታሰር።

ላብ፦ እስማማለሁ፤ ግን ችግሩን ለማስተካከል ፋብሪካው 6 ወር ይሰጠው።

ጨፋ፦ አብሽር፣ 6 ወር! 6 ወር ማለት ሙሉ የበጋ መስኖ ማለት ነው። ገበሬው አጠጥቶ፣ አምርቶ፣ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ቁጥር ታመጡለታላችሁ?

ላብ፦ እንግዲያው 3 ወር...

ጨፋ፦ ክሮሙን እንኳ በ3 ወር አስተካከላችሁ እንበል። ጨዉስ? ቆዳው ሲመጣ በጨው ታሽቶ ነው፤ ያ ማግኒዥየም ጨውን አይነካውም። ለመስኖ ውሃ የፋኦ (የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት) መመሪያ የጨው መጠኑን የሚያሳየው ኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሜትር ከ0.7 ዴሲሲመንስ በታች ከሆነ ችግር የለውም፣ ከ3 በላይ ከሆነ በብርቱ ይገደብ ይላል። ይህ ደግሞ አሲድም ላብራቶሪም አይፈልግም። በእጅ የሚያዝ ሜትር ውሃው ውስጥ ነክሮ ማንበብ ነው፤ በመለኪያ ፈሳሹ ካስተካከሉት አይዋሽም። ሽንኩርት ጨው አይችልም፣ ቶሎ ይመታል። ስለ ክሮሙ ውሉን ፈርሙ፤ የዚህችን ሜትር ቁጥር ግን በየሳምንቱ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉት።

አንቀጽ፦ እሱን የሚከለክል ውል ከመጣ እኔም አይፈረም እላለሁ።

ላብ፦ ሜትሩን ማን ይያዘው? ተማሪ ክረምት ላይ ይበተናል።

ጨፋ፦ መስኖውም ክረምት ላይ ያርፋል።