የመኝታ ቤት ግድግዳ ሻገተ፣ ቶሎ መልሱልኝ

የጉለሌዋ፦ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ዛሬ ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ ሳደርገው ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ከታች እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ሻጋታ ወርሶታል። ገና ለፋሲካ ነው ያስቀባሁት፣ ያውም የዘይት ቀለም፣ ያውም በውድ! የሀበሻ ቀሚሶቼ ሸተዋል፣ የአንዱ ጥለት ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ውሃ ያወርዳል። ቅዳሜ እንግዶች እዚያ ክፍል ያድራሉ። ምን ልቀባበት?

ቢኒ፦ በረኪና።

ዝም አልልም፦ ችግርሽ ሻጋታ አይደለም፣ ቆርቆሮሽ ተበስቷል። ነሐሴ ሲገባ ሁሉም ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ጣራ አስፈትሺ።

የጉለሌዋ፦ ጣራው ደህና ነው፣ ኮርኒሱም ደረቅ ነው። የጀመረው ከታች ነው።

ጋሽ መምህር፦ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ሙቅ አየር ብዙ እንፋሎት ይይዛል፣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የክረምት ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፣ ሰዉ ደግሞ ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ይወትፋል። እንጀራው ቤት ውስጥ ይጋገራል፣ ልብሱ ቤት ውስጥ ይሰጣል፣ ሽሮው ይንተከተካል። ያ ሁሉ እንፋሎት የት ይሂድ? አየር የማይዞርበት ቁም ሳጥን ጀርባ ይሄዳላ! ቢያንስ አንድ ስንዝር ከግድግዳው አርቂው፣ ጠዋት መስኮትና በር ከፍተሽ አናፍሺ።

ቡና አፍቃሪ፦ ጋሼ፣ ሽሮውን እንኳ ይተዉልን 😂

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ቤቱ ጭቃ ነው ብሎኬት?

የጉለሌዋ፦ ጭቃ ነዋ፣ የአያቴ ቤት ነው። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኗል።

ግንበኛው፦ እንደሱ በይ! ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ይተፋል። ከውጭ ሲሚንቶ ከውስጥ የዘይት ቀለም ስታለብሺው በየት ይውጣ? አሁን ደረቅ ያለ ቦታ ላይ መሐረብ የሚያህል ወፍራም ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀሽ ለጥፊ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እዪው። ውሃው ከላስቲኩ ፊት ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው፣ ጋሼ ያሉት ነው። ከጀርባው ከሆነ ግን ከግድግዳው ነው የመጣው። ለመሆኑ በውጭ በኩል አፈሩ የት ድረስ ነው?

የጉለሌዋ፦ ጎረቤት ቤት ሊሠራ የቆፈረውን አፈር በኛ በኩል ቆልሎታል፣ ግድግዳውን ይነካል።

ግንበኛው፦ እሱን አትነግሪኝም! አፈሩ ከወለልሽ በታች እስኪወርድ አስነሺ፣ ውሃውን በቦይ አርቂው፣ አሸንዳው የሚተፋበትንም እዪ። ክረምቱ ሲወጣ የታችኛውን ሲሚንቶ አስፈቅፍቂና በጭቃና በኖራ አስለስኚው። የዘይት ቀለም በቃ፣ ኖራ ይሻላል። አሁን ብትቀቢ ለጥምቀት ተላጦ ታገኚዋለሽ።

ቢኒ፦ በረኪና አልኩ እኮ።

ነርሷ፦ በረኪናው ላይ ላዩን ነው የሚያነጣው። ከተጠቀምሽ ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ከአቼቶ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅዪ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሻጋታውን በደረቁ አትጥረጊው፣ ይበናል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና ጨርቁን ጣዪው። ክፍሉን ላድርቅ ብለሽ ደግሞ ከሰል አስገብተሽ እንዳትዘጊ፣ የከሰል ጭስ ይገድላል። አስም ያለበት እንግዳ ካለ ሳሎን ይተኛ።

እትዬ፦ ልጄ፣ ቀሚሶቹን ፀሐይ ላይ አስጪና በብሩሽ አራግፊያቸው። ሲደርቁ ዕጣን አጭሺባቸው።

ቡና አፍቃሪ፦ እትዬ፣ የነሐሴ ፀሐይ የት ትሸጣለች?

የጉለሌዋ፦ ጎረቤቱ አፈሩን አላነሳም ቢልስ?

ዝም አልልም፦ እኔ አሁንም ጣራ ነው እላለሁ።

ግንበኛው፦ በሽማግሌ አስጠይቂው። እሱ እስኪያነሳ ድረስ ግድግዳውን ብቻ እንዲያስለቅቅልሽ ለምኚው፣ አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ትልቅ ነገር ነው።

ሳሚ ሰሚት፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። የኔ ብሎኬት ነው፣ የሻገተው የኮርኒሱ ጥግ ነው። ለኔም ላስቲኩ ይሠራል?

ግንበኛው፦ ላንተ መጀመሪያ መስኮት ክፈት። የጉለሌዋ፣ ላስቲኩስ ምን አሳየሽ?