የኢንተርንሺፕ ውጤት በድርጅቱ እጅ መሆኑ ልክ ነው?

የሳይት ልጅ፦ አራተኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። አርብ ኢንተርንሺፔን ጨረስኩ። በኛ ዲፓርትመንት ትልቁን ማርክ የሚሰጠው ድርጅቱ ነው። የሳይቱ ኢንጂነር ፎርሙን ሞልቶ በታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። በአራት ወር ውስጥ ያየኝ ስድስት ጊዜ ቢሆን ነው! ስታፋ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በስንት በስንት ሳንቲ እንደሚታሰር፣ አርማታ ሲሞላ ቫይብሬተሩ (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው ማሽን) የት ጋ እንደሚገባ ያሳየኝ ፎርማኑ ነው፤ እሱን ማንም አልጠየቀውም። ከኔ ባች ቀድሞ የወጣ ጓደኛዬ ደግሞ ቢሮ ፎቶኮፒ ሲያነሳ ከርሞ፣ ሪፖርቱን ከሌላ ቀድቶ ኤ አገኘ። እኔ የምለው የድርጅቱ ማርክ ይቀነስ፣ ተማሪውም ድርጅቱን ይገምግም። ምን ትላላችሁ?

ሳይት ኢንጂነር፦ አልስማማም። ማን እንደሠራ፣ ማን እንደቀረ ከኛ ሌላ ማን ያውቃል? አማካሪ መምህሩ አንዴ ብቅ ብሎ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ተማሪውም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት "ወረቀቱን ብቻ ፈርሙልኝ" የሚል ሞልቷል። ከመጡልኝ መሃል አንዷ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይት ትገኝ ነበር። ስላምፕ ቴስቱን (ያልደረቀው አርማታ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚለካበትን ሙከራ) ራሷ ትሠራለች፣ ኪዩቡ (ለጥንካሬ ሙከራ የሚሞላው የአርማታ ናሙና) በ7 እና በ28 ቀን ሲሰበር ላብራቶሪ አብራን ትሄዳለች። ለእሷ ከኔ የተሻለ ማን ማርክ ይሰጣል?

መምህር ነኝ፦ የፎቶው ነገር ቢያምም ሐሰት አይደለም። ሠላሳ ተማሪ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ኮምቦልቻ ተበትኖ፣ የትራንስፖርት በጀት በሌለበት እንዴት ልዙር? እኔ የማምነው ተማሪው የዕለት ሥራውን የሚጽፍበትን ሎግ ቡክ ነው። በየቀኑ "የአርማታ ሥራ ተከታተልኩ" ከሚለኝ ልጅ ይልቅ "ዛሬ አርማታው ውሃ በዝቶበት ተመለሰ" ብሎ ምክንያቱን በአንድ መስመር የጻፈው ሳይት መዋሉን ያሳየኛል። ተማሪ ድርጅት ይገምግም የሚለውን ግን እፈራዋለሁ። አሁንም ቦታ ለማግኘት ደብዳቤ ይዘን በር እያንኳኳን ነው።

አምስተኛ ዓመት፦ መምህር፣ እርስዎ የሚፈሩት በሩ እንዳይዘጋ ነው። እኔ በገባሁበት በር ውስጥ የሴት ሽንት ቤት አልነበረም። ሄልሜት የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ባዶ ጭንቅላታችንን እንውል ነበር። ትራንስፖርቱንም ምሳውንም የቻለችኝ እናቴ ናት። ሪፖርቱ ላይ "ያጋጠሙ ችግሮች" የሚል ክፍል አለ፣ ግን መጀመሪያ ድርጅቱ አንብቦ ማህተም ሊመታበት ማን ደፍሮ ይጽፋል? "የጊዜ እጥረት" ብዬ አለፍኩት። ከኔ በኋላ እዚያው ሳይት ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሳይት ኢንጂነር፦ እህቴ፣ በሄልሜቱ ልከራከርሽ አልችልም። ግን ግምገማችሁ ውጤት ከመታየቱ በፊት ታሽጎ ይግባ። አለዚያ ማርክ ያነሰው ሁሉ ቂሙን ይወጣበታል።

የሳይት ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ ኢንጂነር። ዲፓርትመንቱ ተቀብሎ ያስቀምጠው፣ ውጤት ሲወጣ ይክፈተው። ማርካችሁም እንዳለ ይሁን፤ ብቻ ፎርማኑም አብሮ ይፈርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙያ መልመጃ ውል የሚባል ነገር አለው፤ እኛ ግን በአንድ የትብብር ደብዳቤ ገብተን በአንድ ፖስታ ነው የምንወጣው። ሪፖርቴን የማስገባው ሰኞ ነው። "ያጋጠሙ ችግሮች" የሚለውን ዛሬ ማታ እንደገና እጽፈዋለሁ። ምስጋናው ላይም የፎርማኑ ስም ይቀድማል።