ጥቆማ፦ ለማስተርስ ቴሲስ ዞቴሮ፣ ሜንዴሌይ ወይስ ኢንድኖት?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቴሲሴን ጀምሬያለሁ። ሪፈረንስ በእጅ መጻፍ ሰለቸኝ፣ ፒዲኤፉም እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ሪፈረንስ ከሚይዙት ሶፍትዌሮች ዞቴሮ፣ ሜንዴሌይና ኢንድኖት ሲባሉ ሰምቻለሁ። አድቫይዘሬ ኤፒኤ የሚባለውን የሪፈረንስ አጻጻፍ ነው የሚፈልገው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ኢንተርኔት የማገኘው ግቢ ስገባ ብቻ ነው። የቱ ይሻለኛል?

ዳግም፦ ሜንዴሌይ። ከዲግሪ ጀምሮ በሱ ነው የሠራሁት። 2 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፣ ዞቴሮ 300 ሜጋ ብቻ።

ላይብረሪ፦ 300ው እኮ ፋይሉን ኦንላይን ለማስቀመጥ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ የፈለግሽውን ያህል ብታስቀምጪ ማንም አይከለክልሽም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ኢንድኖት ይከፈልበታል። ክራኩን (ሳይከፈልበት የተሰበረውን ቅጂ) በፍላሽ ልስጥሽ የሚል ከመጣ እንዳትቀበዪ።

ቤቲ፦ የፈለግሽውን ተጠቀሚ፣ ባክአፕ ግን ያዢ! ላፕቶፔን ለጥገና ብሰጥ ሳይጠይቁኝ ፎርማት አድርገው መለሱልኝ። ለሁለት ምዕራፍ የሰበሰብኩት ሪፈረንስ ከነኖቱ ድራሹ ጠፋ። ይቅርታ እንኳን ሳይሉ ጭራሽ ሂሳቡን ተቀበሉኝ።

ሚኪ፦ የት ነው? እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል።

ቤቲ፦ ስሙ ይቅር፣ ጭቅጭቅ አልፈልግም።

ዳግም፦ ሜንዴሌይ ቢሆን ክላውድ ላይ ታገኚው ነበር።

ሚኪ፦ ጥያቄውን አንብበኸዋል? ልጅቷ ኢንተርኔት የለኝም እያለች ነው።

አቤል፦ ላፕቶፑ ላይ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ዲስክ) አስገቢበት፣ አዲስ ነው የሚሆነው።

ላይብረሪ፦ ቤቲ አይዞሽ። ለሌሎቻችሁ፦ ዞቴሮን ዝጉና በዩዘር ስማችሁ ስር ያለውን ዞቴሮ የሚል ፎልደር እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉት። ሪፈረንሱም፣ ኖቱም፣ ፒዲኤፉም እዚያው ነው ያለው።

የታሪክ ተማሪ፦ የኛን ስም ነገር እኮ ማንም አላነሳም! እኛ ደራሲን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። ሶፍትዌሩ ግን አበበ ከበደን «ከበደ፣ አ.» አድርጎ ያወጣዋል፣ አድቫይዘሬ በቀይ ያሰምርበት ነበር። ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትነኪ ሁለቱ ሳጥን አንድ ይሆናል። ያኔ ሙሉ ስሙን ጻፊ፣ እንዳለ ይወጣል። ኢንድኖት ላይ ደግሞ ከስሙ መጨረሻ ኮማ አድርጊ።

ዳግም፦ እኔን ሜንዴሌይ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ጠያቂዋ፦ የስሙ ነገር በጣም ጠቅሞኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አቤል፣ የኤስኤስዲው ዋጋ ስንት ይሆናል?

አቤል፦ የላፕቶፑን ሞዴል ላኪልኝ።